ምርጥ፣ ትክክል ወይስ ላቀች? የማገዶ ምድጃ ንጽጽር ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

ምድጃ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማገዶ ይቆጥባል ወይ?» ብሎ ነው። ደሴ ላይ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ጭሱ በየት ይወጣል? ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጦሳ ተራራ ብርድ በርና መስኮት ያዘጋል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ስለምትል በሩ ክፍት ይውላል፣ ደጅ ማብሰልም አይከብድም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ያላስቸገረ ምድጃ ደሴ ላይ ዓይን ሊያስለቅስ ይችላል።

ምርጥ፣ ትክክልና ላቀች የሦስት ቆጣቢ ምድጃዎች ስም ናቸው። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ነው። በሲሚንቶና በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይቀረጻል፤ አራቱ ክፍሎች ምጣዱን ዙሪያውን ይይዛሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ድስት ያስቀምጣሉ። ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ችግሩ ተራው ምርጥ ጭሱን የሚለቀው በዚያው በድስቱ ሥር፣ ማለትም ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። ለደሴ ማድቤት ቱቦ የሚቀበለውን ዓይነት ይግዙ። ሲሄዱ የምጣድዎን ስፋት በገመድ ለክተው ይያዙ፤ ምጣድ ሁሉ ልክ 60 ሳንቲ ሜትር አይደለም። ክፍሎቹን በቁልፍ መታ መታ ያድርጉ፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው ስንጥቅ አለበት። በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት የሚሆነው ደግሞ ውሃ በበቂ ሳይጠጣ የደረቀ ነውና እሳት ሲያገኝ ይፈረፈራል።

ትክክል ለወጥና ለውሃ ነው፤ ውስጡ ሸክላ፣ ውጩ ላሜራ። በቀጫጭን ፍልጥና በጭራሮ በደንብ ይነዳል፤ ወፍራም ግንድ ከተጎሰጎሰበት አፉ ታፍኖ ያጨሳል። ቱቦ ስለሌለው ቦታው በረንዳ ነው።

ላቀች የከሰል ነው። ከተራው የብረት ከሰል ማንደጃ እስከ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል፣ ለቡና የሚስተካከለው የለም። ብዙ ሰው «ጭስ የለውም» ብሎ የሚመርጠው ይህን ነው፤ ከሦስቱ አደገኛውም ይኸው ነው። ፍሙ ቀልቶ፣ አመድም ለብሶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ከተሰማ ሰዉን ወደ ውጭ ማውጣት እንጂ መስኮት ከፍቶ እዚያው መቀመጥ አይበቃም። ለሙቀት ብሎ መኝታ ክፍል አስገብቶ ማደር ፈጽሞ አይሞከርም።

ቱቦ ያለውን ምርጥ መትከል

ምድጃው በድንጋይ ወይም በብሎኬት መደብ ላይ፣ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ይቀመጥ። መደቡ ካዘመመ ሊጡ ወደ አንድ ጎን ይፈሳል፣ መጋጠሚያዎቹም ይከፈታሉ። እንጨትና ጭቃ ግድግዳ ከሆነ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። መጋጠሚያዎቹንና የምጣዱን ዙሪያ ጭድ በገባበት ጭቃ ይምረጉ፤ በሲሚንቶ ከተመረገ ምጣዱ ሲሰነጠቅ ምድጃውም አብሮ ይሰበራል።

ቱቦው ከ10 ሳንቲ ሜትር አይጥበብ። ቀጥ ብሎ ቢወጣ ይመረጣል፤ ክርን (የቱቦ መታጠፊያ) ካስፈለገ ከሁለት አይብለጥ፣ ድፍን 90 ዲግሪ ከሚሆንም ዘመም ያለ ይሁን። በግድግዳ አውጥቶ በውጭ ማቆም ለሠራተኛው ይቀላል፤ ነገር ግን የደሴ ብርድ ቱቦውን ያቀዘቅዘዋል፣ ጭሱ መሳቡን ይተዋል፣ በተለይ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከነደደ ጥቁር ዝፍት ውስጡ ይጋገራል። ያ ዝፍት አንድ ቀን እሳት ይይዛል። በቤት ውስጥ አልፎ በጣሪያ መውጣቱ ይሻላል።

ጣሪያው ላይ በሁለት ወራጆች መካከል ይለፍ፤ ከእንጨትና ከኮርኒስ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ኮርኒሱ ሰፋ ተደርጎ ተቆርጦ ክፍተቱ በላሜራ ይሸፈን። በቆርቆሮው ቀዳዳ ዙሪያ ሬንጅ መቀባት የተለመደ ስህተት ነው፦ ቱቦው ሲግል ይቀልጣል፣ ክረምት ሲገባ ያፈሳል። በቱቦው ላይ እንደ ባርኔጣ የሚጠልቅ የላሜራ ቀሚስ ያሠሩ። ጫፉ ከጣሪያው አናት 60 ሳንቲ ሜትር ይለፍ፣ ቆብም ይኑረው፤ አጥሮ ከቀረ የተራራው ንፋስ ጭሱን መልሶ ይደፋዋል።

ቱቦ አለ ተብሎ ሁሉ ነገር አይዘጋም። ጭስ የሚወጣው አየር ሲገባ ነውና በበሩ ግርጌ ወይም በግድግዳው ታች ክፍተት ይተው። ሲፈትሹ መጀመሪያ ወረቀት ያንድዱ፤ ነበልባሉ ወደ ቱቦው ካልሳበ ፍልጥ ከመጨመርዎ በፊት ክርኑን ይመልከቱ። ጥላሸቱን በየወሩ ያራግፉ፤ ክርኑ የሚከፈት ክዳን እንዲኖረው ሲያሠሩ ይንገሩ።

የደሴ የቤት ባለቤት ከሆኑ ባለ ቱቦ ምርጥ ይግዙ። ተከራይ ሆነው ጣሪያ መብሳት ካልተፈቀደልዎ፣ እንጀራውን ክፍት ዳስ ውስጥ በተራው ምርጥ፣ ወጡን በረንዳ ላይ በትክክል ያብስሉ። ላቀችን ለቡና ብቻ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ኮምቦልቻ ላይ ዳስ ያለው ሰው ለቱቦ ገንዘብ ባያወጣም ይሆናል።