አዲስ አበባ፤ ለአባቴ የደረሰላቸው የድንገተኛ ክፍል ሐኪም

ለፋሲካ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አዲስ አበባ ገብቼ ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል ንጹሕ ነው፤ ታክሲውም አላስቸገረኝም። በዝርዝር ልጽፍለት የምፈልገው ግን አባቴን ያከመልኝን ሐኪም ነው።

አባቴ የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው። በዐቢይ ጾም መድኃኒታቸውን አቋርጠው ኖሮ፣ በበዓሉ ማግስት ሌሊት ትንፋሽ አጠራቸው፤ ጋደም ማለት አቅቷቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያቃስቱ ነበር። አንድ የግል ሆስፒታል አደረስናቸው። ካርድ ክፍሉ ቅድሚያ ክፍያ ካልተከፈለ አናስገባም አለን። አባት እያጣጣረ እንዲህ መባል እጅግ ያሳዝናል። ተረኛው ሐኪም ጭቅጭቁን ሰምቶ ወጣ፤ ጋሪውን ራሱ እየገፋ አስገባቸው። «ወረቀቱ ይደርሳል» አለ።

ቀና አድርጎ አስቀመጣቸውና ኦክስጅን አስደረገላቸው። ቁርጭምጭሚታቸውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ሲለቀው የጣቱ ጉድጓድ ሳይሞላ ቆየ። ደረታቸውን በአልትራሳውንድ አይቶ ሳንባቸው ውኃ እንደቋጠረ ነገረኝ፤ ነርሷም ውኃውን በሽንት የሚያስወጣ መርፌ ሰጠቻቸው። «አባባ፣ መድኃኒትዎን ከመቼ ጀምሮ ነው ያቆሙት?» አላቸው፣ ያለ አንዳች ቁጣ። እኔን የደበቁኝን ለእሱ ነገሩት።

ሊነጋጋ ሲል እፎይ አሉ። ሐኪሙ በጠቅላላ ሐኪምነት ክፍለ ሀገር አገልግሎ፣ ጥቁር አንበሳ ገብቶ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት የሆነ ሰው ነው። ይህ የ3 ዓመት ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ2013 ወጥተዋል። እኔ አገር ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ስፔሻሊስት አልነበረም። ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ሕመምተኛን እንደ አመጣጡ ሳይሆን እንደ ሕመሙ ክብደት በቀይ፣ በብርቱካናማ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ይለያሉ። አባቴ ቀይ ነበሩ። ጣቱ ተሰብሮ ቀድሞን የመጣው ወጣት በትዕግሥት ጠበቀ፤ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሲያሰናብተን በየማለዳው እንዲመዘኑ አዘዘ፤ ክብደታቸው በድንገት ከጨመረ ውኃው መመለሱ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ እንድናመጣቸው ነው።

ለዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ፣ የቀይ መስቀልን 907 እና የእሳትና ድንገተኛ አደጋን 939 ቤት ውስጥ ጻፉ። በአቅራቢያችሁ ካሉት ሆስፒታሎች ሌሊት የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት የሚያድርበት የትኛው እንደሆነ ሰው ሳይታመም ጠይቁ። በካርድ ክፍሉ ላይ ያለኝን አቤቱታም ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ፤ የሐኪሙንም ምስጋና እዚያው ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ።