ለድርቆሽ፣ ለርጭትና ለሶሌታ ቀን መምረጥ፦ ዌዘር ስቴሽን፣ አፕ ወይስ የፕላስቲክ ዝናብ መለኪያ?

ሱሉልታ ላይ ድርቆሽ ለማጨድ፣ ሆለታ ላይ ድንች መድኃኒት ለመርጨት ወይም ሰንዳፋ ላይ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ለመሙላት ቀን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ይለይ። የሚመጣውን ዝናብ የሚተነብይና የወረደውን የሚለካ ዕቃ ለየቅል ናቸው። ገበያው ግን ሁለቱን በአንድ ካርቶን አድርጎ ይሸጣል።

ፀሐይ፣ ደመናና ዝናብ በሥዕል የሚያሳየው ባለ ስክሪን ዌዘር ስቴሽን አብዛኛውን ጊዜ ትንበያውን የሚያወጣው ከአየር ግፊት ለውጥ ነው። ዘዴው የታሰበው ዐውሎ ባለፈ ቁጥር ግፊታቸው በብዙ ለሚዋዥቅ ከምድር ወገብ ለራቁ አገሮች ነው። እኛ ዘንድ ግፊቱ ዝናብ ኖረም አልኖረም በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ብሎ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ በ2 ወይም 3 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ) ዝቅ ይላል። መሣሪያው ይህን መውረድ የዝናብ ምልክት አድርጎ ስለሚያነብ በጠራው ጥር እንኳ ደመና ሊሥል ይችላል። ትንበያውን ከኢንተርኔት የሚያመጣ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ስልክ ላይ በነፃ የሚገኘውን ነው የሚገዙት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለ መርፌ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ከነጭራሹ ይተዉት። አብዛኛው ከ960 እስከ 1060 ብቻ ነው የሚያነበው፤ በእኛ ከፍታ እውነተኛው ግፊት ከ800 በታች ስለሆነ መርፌው ጥግ ይዞ ይቀራል።

ለመጪዎቹ ቀናት የሚሻለው አፕ ነው፣ ያውም ሁለት ሞዴል፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሰላ ትንበያ፣ ጎን ለጎን የሚያሳይ። ዊንዲ በሚባለው አፕ ላይ የአውሮፓው ኢሲኤምደብሊውኤፍና የአሜሪካው ጂኤፍኤስ ይገኛሉ። የመጀመሪያው መሬቱን በ9፣ ሁለተኛው በ13 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፋፍሎ ያሰላል። በዚህ ስፋት የእንጦጦ ተራራ ይደፈጠጣል፤ ስለዚህ የክረምቱ የከሰዓት ዶፍ የትኛው ሰፈር ላይ እንደሚወርድ ከአፕ አይጠብቁ። ሦስት ደረቅ ቀን መኖር አለመኖሩን ግን ደህና አድርጎ ይናገራል። በጥቅምትና በኅዳር ሁለቱም ሞዴሎች ለሦስት ቀን ደረቅ ካሉ ይታጨድ፤ ከተለያዩ አንድ ቀን መታገሥ ይሻላል፣ የረጠበ ድርቆሽ ይሻግታልና። ከ5 ቀን በላይ ያለውን እንደ አዝማሚያ ብቻ ይዩት። የሌሊቱ ስሌት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ሰዓታት ስለሚፈጅ አዲሱን ለማግኘት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ይክፈቱ። ሥራው በሚሠራበት ዕለት ደግሞ ትንበያውን ትተው የሳተላይት ምስሉን ይመልከቱ፤ ሜቴዎሳት የተባለው የአየር ሁኔታ ሳተላይት በየ15 ደቂቃው ደመናውን ያሳያል። ስለ ወቅቱ አጠቃላይ ሁኔታ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ አለ።

ታዲያ ገንዘብ ምን ላይ ይውላል? ዝናብ መለኪያ ላይ። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ ሜትር 1 ሊትር ነው፤ 200 ካሬ ጓሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,000 ሊትር ውሃ ገብቷል፣ በማግስቱ ማጠጣት አያስፈልግም።

በእጅ የሚነበበው ፕላስቲክ ባትሪ አይፈልግም፣ ለአብዛኛው ሰውም እሱ ይበቃል። ሁልጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቦ መድፋት ብቻ ነው። የታተመበት መስመር ትክክል መሆኑን በሲሪንጅ ይፈትኑ፦ የአፉ ዲያሜትር 11.3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ 10 ሚሊ ሊትር ሲጨመርበት 1 ሚሊ ሜትር ማንበብ አለበት።

ዲጂታሉ ውስጥ እየሞላች የምትገለበጥ ትንሽ ባልዲ አለች። ጥቅሟ በየትኛው ሰዓት ስንት እንደዘነበ መመዝገቧ ነው፤ ማሳው ከቤት ርቆ ላለ ሰው ይህ ዋጋ አለው። ነገር ግን በኃይለኛ ዶፍ አሳንሳ ትቆጥራለች፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የሸረሪት ድር ይደፍናታል፣ በውሃ ልክ ካልተስተካከለች ትሳሳታለች። የምትንቀሳቀስ ባልዲ የሌለውና የጠብታውን ምት የሚቆጥረው ዓይነት በበረዶ ጊዜ አይታመንም። ሲገዙ ዋይፋዩ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ መሆኑን ከራውተርዎ ጋር ያመሳክሩ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የ100 ሜትር የሲግናል ርቀት ሜዳ ላይ የተለካ ነው፤ የቆርቆሮ ግድግዳና ጣሪያ መሐል ከገባ በጣም ያጥራል።

የትኛውንም ቢመርጡ ከአጥሩ ከፍታ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ያርቁት፤ አጥሩ 2.5 ሜትር ከሆነ 5 ሜትር ማለት ነው።