አሮጌ ሞተር ሳይክል ልትገዙ ነው? ያማሃ ዲቲ 125 ወይስ ሆንዳ ሲጂ 125

ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣ ወይም መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተኛ ሞተር ሳይክል አግኝቼ ልግዛው ወይ የሚለኝ ሰው በዝቷል። አንዱ ከሐይቅ ከተማ ይደውላል፣ አንዱ ከከሚሴ፣ ሌላው ደሴ ፒያሳ ላይ አስቁሞ ይጠይቀኛል። ምርጫው ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፦ ያማሃ ዲቲ 125 ወይም ሆንዳ ሲጂ 125። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። በወሎ ዳገትና ቁልቁለት ለሚመላለስ፣ ብሩንም ለሚቆጥር ሰው ሆንዳው ይሻላል። ምክንያቴ ጉልበት ወይም መልክ ሳይሆን ዘይት ነው።

ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት ሁለቱም ቀርበውለት ነበር። ያማሃው 62 ሺህ ብር፣ ሆንዳው 85 ሺህ። 23 ሺህ ብር ተረፈልኝ ብሎ ያማሃውን ወሰደ። ከዚያ የወጣውን አብረን ደምረነዋል፦ ፒስተን ከነፋሻው (ከነቀለበቶቹ) 4,800፣ ሬትፊካ (ሲሊንደሩን ማስሞረድ) 3,500፣ ክራንክ ሻፍቱን አስከፍቶ ኩሽኔታና ኦይልሲል (ዘይት የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት) ለማስቀየር 9,000፣ ያገለገለ የዘይት ፓምፕ 7,000፣ ካርቡሬተር 4,500። ድምሩ 28,800 ብር። ተረፈ የተባለው ገንዘብ አልቆ 5,800 ተጨመረበት፤ ገና ነዳጅ አልሞላም።

ይህ ሁሉ ከምን መጣ? ዲቲ 125 ቱ ስትሮክ ነው። ዘይቱ ሞተር ውስጥ እየዞረ አይቆይም፤ ከቤንዚን ጋር ገብቶ አብሮ ይቃጠላል። ያማሃ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውቶሉብ ብሎ በሰየመው ዘዴ ዘይቱ ለብቻው ታንክ አለው፤ ትንሽ ፓምፕ እየለካ ይሰጠዋል። ፓምፑ ከጋዙ ሽቦ ጋር የታሰረ ነው። ጋዝ ስትሰጡ ዘይት ይጨምራል፣ ጋዝ ስትለቁ ይቀንሳል። ለጥ ባለ ሜዳ ይህ ጥሩ ነው።

አሁን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ። ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ታራግፋላችሁ። ፍሬን እንዳይግል ብላችሁ በሦስተኛ ማርሽ ትይዙታላችሁ፣ ጋዙ ዝግ ነው፣ ሞተሩ ግን በፍጥነት ይሽከረከራል። ፒስተኑ በኃይል እየተመላለሰ የሚደርሰው ዘይት ጠብታ ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጋዝ ስትከፍቱ ድንገት ሙቀት ይጨመርበትና ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። የኋላ ጎማው ቀጥ ይላል። ፍሪሲዮን በቶሎ ያልጨበጠ ሰው ይወድቃል። ዲቲ ያላችሁ ስትወርዱ በየመሐሉ ፍሪሲዮን ጨብጣችሁ ጋዝ ስጡት፤ ፓምፑ አንድ ጉርሻ ዘይት እንዲልክ።

ሁለተኛው ጣጣ ኦይልሲል ነው። በዲቲ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት ለብቻው ነው፤ ከክራንክ ሻፍቱ ክፍል የሚለየው በፍሪሲዮን በኩል ያለ አንድ የላስቲክ ቀለበት ነው። ዓመታት የቆመ ሞተር ላይ ይህ ላስቲክ ይደርቃል። ከዚያ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየሳበ ያቃጥላል። ምልክቱ የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ጭስና ካንዴላውን በየጊዜው የሚያረጥብ ዘይት ነው። ሻጩ «ቱ ስትሮክ እኮ ነው፣ ያጨሳል» ይላችኋል። ያጨሳል፤ ግን ከሞቀ በኋላ ጭሱ መሳሳት አለበት። በሌላው ወገን፣ በማግኔቱ በኩል ያለው ሲል ካረጀ ደግሞ ጭስ የለም፤ አየር ይገባል፣ ሞተሩ ያለ ልክ ይግላል። ይህኛው የባሰ ነው፤ በዓይን ስለማይታይ።

ሦስተኛ፣ ፓምፑ በቦታው መኖሩን እዩ። ብዙዎቹ ተነቅለው አፉ በላሜራ ተደፍኗል። እንደዚያ ከሆነ ዘይት ከቤንዚን ጋር በእጅ መቀላቀል አለባችሁ፤ ለ25 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት። ማደያ ላይ ወረፋ እየጠበቃችሁ፣ ወይም መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጠው እየቀዳችሁ ይህን መለካት ቀላል አይደለም። የመኪና ሞተር ዘይት አትቀላቅሉ፤ ሲቃጠል አመድ ይተዋል፣ ካንዴላና ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን) ይደፍናል። የጀልባ ሞተር ቱ ስትሮክ ዘይትም በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር አይሆንም። ጠርሙሱ ላይ ጃሶ (JASO) ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል የጃፓን የዘይት ደረጃ ምልክት ፈልጉ። ፓምፑ ካለና ዘይቱ አንዴ ካለቀ በኋላ ብትሞሉትም ቱቦው ውስጥ አየር ይቀራል፤ በማስተንፈሻው ቡሎን አየሩን ሳታስወጡ እንዳታስነሱት።

ወደ ሆንዳው ልምጣ። ሆንዳ ሲጂ 125ን በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ያወጣው በተለይ ለታዳጊ አገሮች ነው፤ ዘይት በሰዓቱ ላይቀየርለት፣ ማጣሪያው ላይጸዳለት እንደሚችል ታስቦ ተሠራ። ቫልቮላዎቹን የሚገፉት ከታች በሚመጡ ዘንጎች ነው። ከላይ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ውስጥ የሚዞር ካም፣ ማለትም ቫልቮላ የሚያስከፍት ዘንግ፣ የለውም፤ ካሙ ዝቅ ብሎ፣ ዘይት በማያጣው ቦታ ተቀምጧል። ዘይቱን ለሞተሩ የሚረጨው ከጋዙ ጋር ያልታሰረ፣ ሞተሩ በዞረ ቁጥር የሚዞር ፓምፕ ነው። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሞተሩ በጮኸ መጠን ዘይቱም ይበረክታል።

የራሱ አመል ግን አለው። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም የሚታጠቡት በአንዲት ሊትር ገደማ ዘይት ነው። መኪና ላይ እንደምታውቁት የወረቀት ፊልትሮ የለውም። ያለው የሽቦ ወንፊትና ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ እየዞረ ቆሻሻ የሚይዝ ክብ ዕቃ ነው። የሞተሩን ሥር ትልቁን ቡሎን ስትፈቱ ስፕሪንግና ወንፊቱ አብረው ይወርዳሉ። አሮጌ ስትገዙ ያንን ወንፊት አስወጥታችሁ በእጃችሁ ያዙት። ጥቁር ጭቃ ቢሆን ችግር የለም፣ ይታጠባል። በጣት ሲሹት የሚያንጸባርቅ ብናኝ ካለው ግን ኩሽኔታ ወይም ፍሪሲዮን እየተበላ ነው፤ ከዋጋው ቢያንስ 10 ሺህ አስቀንሱ። ወንፊቱ ላይ ቁርጥራጭ ብረት ካገኛችሁ ተዉት።

ዘይት መለኪያውን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሞተር ሳይክሉን በመሐል ማቆሚያው ቀጥ አድርጋችሁ፣ መለኪያውን ጠርጋችሁ፣ ሳታጠብቁት ጥርሱ ላይ ብቻ አሳርፋችሁ ነው የምታዩት። አጥብቆ የሚለካ ሰው ዘይቱ ከልኩ በላይ የሞላ ይመስለዋል፤ ጎድሎ ሳለ ይነዳዋል።

የዘይቱ ዓይነት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ለሲጂው ይገባዋል ብሎ ውድ የመኪና ዘይት ሞላበት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሞተር ሳይክሉ ግን አይሄድም። ጋራዥ ወሰደው። ልጁ «ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል» አለው፤ ዲስኮቹን ቀየረለት፣ ከነእጅ ዋጋው 3,600 ብር። በሳምንቱ ያው ሆነ። የሆንዳው ፍሪሲዮን የሚሠራው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ማሟለጫ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ዲስኮቹን ያንሸራትታቸዋል። ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዘይት አትንኩ። የሚፈለገው ጃሶ ኤምኤ የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ነው። ውፍረቱ እንደምትኖሩበት አገር ነው፦ ለባቲና ለከሚሴ ሙቀት 20/50፤ ለደሴ፣ ለኩታበርና ለወገልጤና ብርድ ጧት ላይ ቶሎ እንዲዳረስ 10/40።

ከበርሜል በልቅ የሚቸረቸር ዘይት ለሁለቱም አትግዙ። የታሸገውም ቢሆን ከክዳኑ ሥር ያለው ቀለበት ያልተቆረጠ፣ ከውስጥ ያለው ፎይል ያልተነካ ይሁን። ከሌላው ሱቅ በሩብ ዋጋ ከረከሰ የተቃጠለ ዘይት ተጣርቶ ተሞልቶበት ሊሆን ይችላል።

የወጪውን ሒሳብ እንሥራ። በእኔ ልኬት ዲቲው በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ያህል ቱ ስትሮክ ዘይት ይጨርሳል። በ3,000 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር፣ የካምቢዮው ሳይቆጠር። ሆንዳው በየ1,500ው ቢቀየርለት 2 ሊትር ነው። ዋናው ልዩነት ግን ቤንዚን ላይ ነው፤ በዚያው 3,000 ኪሎ ሜትር ዲቲው ወደ 40 ሊትር የሚጠጋ ትርፍ ይጠጣል። ማደያው በሚሸጥበት ዋጋ አባዙት፤ በጥቁር ገበያው ዋጋማ አታስቡት።

ስፔር ፓርትም ለሆንዳው ያደላል። የቻይና ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ የሲጂን ሞተር ቀድተው ስለተሠሩ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ ሽቦ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ በየሱቁ አለ። ይህ ግን አደጋም አለው፤ የቻይና ሞተር ገብቶበት «ኦርጅናል ሆንዳ» ተብሎ የሚሸጥ አለ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ ዙሪያው ተሞርዶ እንደገና የተመታ ቁጥር በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል። ፒስተን ስትገዙ የኦርጅናሉ ሲጂ ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር፣ የዲቲው 56 ነው፤ ሱቁ «ያው ነው» ቢላችሁ አትስሙ። ካንዴላም ፎርጅዱ በዝቷል። የእውነተኛው ቀለበት በእጅ ተጎትቶ በቀላሉ አይወጣም።

ያማሃው የሚበልጥበት ቦታ አለ። ቀላል ነው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ደላንታና ተንታ ገጠር ውስጥ በድንጋያማ መንገድ ብቻ የሚሠራ፣ ቱ ስትሮክ የሚያውቅ መካኒክም በቅርቡ ያለው ሰው ቢገዛው አልቃወምም።

የትኛውንም ግዙ፣ የተኛ ሞተር ሳይክል እንደመጣ ፔዳል አትምቱ። ካንዴላውን ፍቱ፣ በቀዳዳው ትንሽ ዘይት አንጠባጥቡ፣ አሳድሩት፣ በማግስቱ ቀስ አድርጋችሁ በእጅ አዙሩት። የነዳጅ ታንኩን ዝገት አጥባችሁ አውጡ፣ ካርቡሬተሩን ክፈቱ፣ ጎማውንና የፍሬን ሸራውን ለውጡ። ሆንዳው ላይ አዲስ ዘይት ሞልታችሁ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ እንደገና ቀይሩት፤ የመጀመሪያው ዘይት የዓመታቱን ዝቃጭ ይዞ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሊብሬ። ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ከሆነ ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀረጡ መከፈሉን በወረቀት ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። ያልታደሰ ቦሎም ካለ ውዝፉ በሻጩ ላይ ይሁን።

እኔ ዛሬ ብገዛ ወረቀቱ ንጹሕ ለሆነ፣ ወንፊቱ ብናኝ ለሌለው ሆንዳ እስከ 95 ሺህ እሄዳለሁ። ለዲቲ፣ ፓምፑ በቦታው ኖሮም ቢሆን፣ ከ45 ሺህ አላልፍም። ልታዩ ስትሄዱ የካንዴላ መፍቻ ያዙ። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ እስኪበርድ ቁጭ በሉ፤ ከብርድ ሲነሣ ሳታዩ ዋጋ አትጥሩ።