ደሴ ላይ የማይዞር ክንድ ሸጡልኝ

ይህን የምጽፈው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በተመለስሁ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ንዴቴ ገና ሳይበርድ ነው። ለጤና ተማሪዎች ማስተማሪያ የሚሆን የክንድ አጥንት ሞዴል በገዛ ገንዘቤ በ6,800 ብር ገዝቼ ነበር። የሱቁን ስም አልጠራም፤ የሕክምና ዕቃ መሸጫዎችን ደጅ የረገጣችሁ ሰዎች ግን ዓይነቱን አታጡትም። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ለዓይን ነው፣ ከመጋዘን የሚወጣው ለገዢ ነው፣ «እሽጉ ይሻልዎታል» የሚለው ቃል ደግሞ ለሁሉም እኩል የሚታደል ነው።

ሞዴሉን የፈለግሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መዞሩን ለማሳየት። ክርን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እንደ በር ማጠፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ አንድ መጋጠሚያ ነው። ማጠፍና መዘርጋቱን በዋናነት የሚመራው ከክርን በታች ካሉት ሁለት አጥንቶች በትንሿ ጣት በኩል ያለው አልና ነው፤ የላይኛው ጫፉ እንደ መፍቻ አፍ ተከፍቶ የላይኛውን ክንድ አጥንት ጫፍ ይይዛል፣ ጠረጴዛ ስንደገፍ የሚቆረቁረንም የእሱ ጉጥ ነው። መዳፍን መገልበጥ ግን በአውራ ጣት በኩል ያለው የጎረቤቱ የራዲየስ ሥራ ነው። የራዲየስ ራስ ክብ ነው፤ ክርን ላይ በቀለበት ጅማት ታቅፎ ባለበት ይሽከረከራል፣ የታችኛው ጫፉ ደግሞ እጅ አንጓ ላይ በአልና ዙሪያ ይዞራል። መዳፋችን ወደ ላይ ሲሆን ሁለቱ አጥንቶች ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ወደ ታች ስንገለብጠው ራዲየሱ አልናውን አቋርጦ ያልፋል። እንጀራ ስንቆርስ መዳፋችን ወደ ታች ነው፤ ጉርሻው አፋችን ሲደርስ ግን ወደ ፊታችን ዞሯል። በዚያች ቅጽበት የሆነውን ነገር ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ሊያሳይ አይችልም።

ጉዳዩ የፈተና ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተንገበገብሁ። አንዲት እናት መንገድ ስታሻግር የልጇን እጅ ድንገት ብትጎትት፣ የሕፃኑ ራዲየስ ራስ ከቀለበት ጅማቱ ሊያፈተልክ ይችላል፤ ይህ በተለይ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ይደርሳል። ባለሙያ ወደ ቦታው የሚመልሰው ክንዱን በመገልበጥ ስለሆነ፣ የትኛው አጥንት በየትኛው ላይ እንደሚዞር ያላየ ተማሪ ነገ ጤና ጣቢያ ሲመደብ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ባለፈው ቅዳሜ ሱቁ ስገባ ባለቤቱ በክብር ተቀበለኝ። መደርደሪያው ላይ የነበረውን ሞዴል አንሥቼ አጠፍሁት፤ ታጠፈ። አዞርሁት፤ እንደ እውነተኛ ክንድ ዞረ። ዋጋው 7,600 ብር ነበር። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ለእርስዎ ብለን 800 ብር እንቀንሳለን፤ ይህኛው አቧራ ጠጥቷል፣ አዲሱን ከመጋዘን ላስወጣልዎት» አለኝ። የሞኝነቴ ልክ እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው ካርቶኑን በፕላስተር እያሸገ ሳለ እኔ ስለ ራዲየስና ስለ ቀለበት ጅማት አብራራለት ነበር። እሱም «ወይ የፈጣሪ ሥራ!» እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በየጠመዝማዛው እንዳይወድቅብኝ እንደ ሕፃን እያቀፍሁ፣ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድሁ።

ሰኞ ዕለት 43 ተማሪዎች ፊት ከፈትሁት። አስቀድሜ ሁሉም ክርናቸውን 90 ዲግሪ አጥፈው ጎናቸው ላይ እንዲያጣብቁ አደረግሁ፣ አለዚያ ትከሻ ይገባና ክንዱ የሠራ ያስመስላል። ከዚያም በሌላው እጃቸው የላይኛውን ክንድ ጡንቻ ይዘው መዳፋቸውን በኃይል ወደ ላይ እንዲገለብጡ አዘዝሁ። ባይሴፕስ የሚባለው ይህ ጡንቻ የሚያያዘው ከራዲየስ ጋር ስለሆነ፣ ክርን ሳይንቀሳቀስ ጡንቻው ከእጃቸው ሥር ሲወጠር ሲሰማቸው ክፍሉ በጉርምርምታ ተሞላ። «አሁን ከውስጥ የሆነውን ተመልከቱ» ብዬ ሞዴሉን አዞርሁ። አልዞረም። ጨመር አድርጌ ስጠመዝዘው ቀጭ አለ። ሁለቱ አጥንቶች ከላይም ከታችም በማጣበቂያ የተያዙ ነበሩ፤ የቀለበት ጅማት ብዬ የጠበቅሁት በቀለም የተሰመረ ነጭ መስመር ነበር። የበግ የፊት እግር እንዲህ ነው፤ አልናውና ራዲየሱ የተዋሐዱ ናቸውና አይገለበጥም። የበግ ወርች ብፈልግ ኖሮ ወደ ልኳንዳ ቤት እሄድ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን ተሸክሜ ወደ ደሴ ተመለስሁ። ሰውየው ከሩቅ እንዳየኝ አውቆኛል፤ ቢሆንም ስልኩን ማየቱን አላቋረጠም። ቅዳሜ «እርስዎ» ሲለኝ የነበረ ሰው ዛሬ «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። ነገሩን ስነግረው ሞዴሉን ሳይነካ በአገጩ እየጠቆመ፣ «ክንድ ነው አይደል? ክንድ አልተባለም? ይህ ለማሳያ እንጂ ለመጠምዘዝ አልተሠራም፤ ሰብረህ አመጣኸው» አለ። የሚያግዘው ልጅ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያ የሚዞረው ሞዴል እንዳለ ቆሟል፤ አቧራውም ተጠርጎለታል። «ይሄውላችሁ፣ ያ ይዞራል!» አልሁ። ሰውየው ስልኩን አስቀመጠ፣ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደገፈ፣ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። መጀመሪያ መዳፉ ወደ ታች ነበር። ቀስ ብሎ ወደ ላይ ገለበጠውና «ደረሰኝህ የታለ?» አለኝ።

ራዲየሱ ከአልናው ላይ ተነሥቶ ጎኑ ሲጋደም በቆዳው ሥር የማየው መሰለኝ። ጤነኛ ክንድ በየአቅጣጫው ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፤ የእሱም አንድ ዲግሪ አልጎደለበትም። ሁለት ቀን ሙሉ ላሳይ የደከምሁበትን እንቅስቃሴ፣ በሚገባ አንግል፣ ክርኑን አጽንቶ፣ እኔን ለማባረር አሳየኝ። ደረሰኝ እንደሌለኝ ያውቃል፤ ያስቀረው እሱ ነው፤ 800 ብር አተርፋለሁ ብዬ የተስማማሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ያበገነኝም ከእሱ ንቀት ይልቅ ይኸው ነው፤ ለዓመታት «አጥንትን በዓይን ብቻ አትመኑ፣ በእጃችሁ አንቀሳቅሱ» እያልሁ ያስተማርሁ ሰው የታሸገ ካርቶን አምኜ ወጣሁ።

የክንድ ሞዴል የምትገዙ ካላችሁ የምትወስዱትን ራሱን አስከፍታችሁ እጠፉት፣ አዙሩትም፤ ራዲየሱ አልናውን ካላቋረጠ አትክፈሉ። ደረሰኝም ይቆረጥላችሁ።

ሐሙስ ክፍል አለኝ። ዕቃው ከመጣበት ካርቶን ላይ ሁለት አጥንት በመቀስ ቆርጬ፣ የአንዱን ራስ በላስቲክ ቀለበት አስሬዋለሁ። ይዞራል።