ፔልተን ወይስ ክሮስፍሎው? ለተራራማ ቦታ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ
በሴኮንድ 20 ሊትር ውኃ ከ100 ሜትር ከፍታ ሲወርድና 100 ሊትር ከ20 ሜትር ሲወርድ ጉልበታቸው እኩል ነው፤ ብክነት ሳይቀነስ 19.6 ኪሎዋት ገደማ። ተርባይናቸው (ውኃው የሚያሽከረክረው ጎማ) ግን ይለያያል፤ ለመጀመሪያው ፔልተን (በጠባብ አፍ ማለትም በኖዝል የሚወረወር ውኃ በጎማው ዙሪያ ያሉትን ባልዲዎች የሚመታበት)፣ ለሁለተኛው ክሮስፍሎው (ውኃው በጎማው ምላጮች መካከል አቋርጦ የሚያልፍበት) ይስማማል።

ክሮስፍሎውን ጥሩ የብየዳ ወርክሾፕ ይሠራዋል፤ ቅጠላ ቅጠልም በቀላሉ አይዘጋውም። ደካማ ጎኑ የምላጮቹ ብየዳ ነው፤ ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል።

ፔልተን በብቃት ይበልጣል። ዋና ጠላቱ አሸዋ ነው፤ ኖዝሉንና ባልዲዎቹን ይበላል፤ ስለዚህ በደለል ማጥለያው ገንዳ ላይ ፈጽሞ አትቆጥቡ። የኤሌክትሪክ ጭነት በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ተርባይኑ ከመጠን በላይ እንዳይፈጥን ውኃውን መቀነስ ያስፈልጋል፤ ግን የኖዝሉን መርፌ (የውኃውን መጠን የሚቆጣጠረውን) ቶሎ መዝጋት ረጅሙን ቧንቧ በግፊት ሊያፈነዳው ይችላል። መጀመሪያ ከኖዝሉ የሚወረወረውን ውኃ በማዞሪያ ሳህን ከባልዲዎቹ ማራቅ፣ ከዚያ መርፌውን ቀስ አድርጎ መዝጋት ነው።