እርሳስ ወይስ ከሰል? የዊርዴል ወጣት ምርጫ

በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን እንግሊዝ፣ ዊርዴል ሸለቆ ላደገ ወጣት ሁለት መንገድ ነበረው። እዚያው ተራራው ላይ የእርሳስ ማዕድን (ብረቱን) መቆፈር፣ ወይም ወደ ምሥራቅ ወርዶ የደርሃም የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ መግባት። የቱ ያዋጣል?

ገቢ
እርሳስ፦ ጥቂት ሰዎች ተቧድነው በሚያወጡት ማዕድን ልክ ይዋዋላሉ። እስከዚያው የቀለብ ብድር ይወስዳሉ። ድንጋዩ ባዶ ከሆነ ትርፋቸው ዕዳ ነው።
ከሰል፦ ክፍያ በየሁለት ሳምንቱ። ባለትዳር ከሆነ ቤትና ማገዶ ከኩባንያው። ታዲያ አድማ ከተመታ ዕቃው ከነቤተሰቡ ደጅ ይወጣል።

ኑሮ
እርሳስ፦ ብዙዎቹ ቁራሽ መሬትና ላም አላቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማዕድኑ ከራቀ ግን ሳምንቱን እዚያው ማደሪያ ያሳልፋሉ። አንድ አልጋ ለብዙ፣ እርጥብ ልብስ እሳት ዳር፣ መስኮቱ ዝግ። እኔ አንድ ሌሊት አልችለውም!
ከሰል፦ የተደረደሩ ቤቶች፣ ጭስ፣ ብዙ ጎረቤት።

አደጋ
እርሳስ፦ ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው፤ አቧራው ሳንባ ይጨርሳል።
ከሰል፦ በአንዴ። በ1862 በጎረቤት ኖርዘምበርላንድ፣ ሃርትሊ ላይ የውሃ መሳቢያው ሞተር የብረት አግዳሚ ተሰብሮ ብቸኛውን መውጫ ደፈነው። 204 ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ነው ሁለት መውጫ በሕግ የተገደደው።

ላምና መሬት ላለው እርሳሱ ያቆየዋል። አዲስ ጎጆ ወጪ፣ መሬት የሌለው ከሆነ ከሰሉ ይሻለዋል። በኋላ ግን ከውጭ የሚገባ ርካሽ እርሳስ ዋጋውን ሲጥለው፣ ባለላሙም ጓዙን ጠቅልሎ ወረደ።