«ኮር አይ7፣ 1 ቴራ፣ ከነሞኒተሩ»፦ ሳትከፍሉ በፊት ቁጥሩን ጠይቁ

ለቢሮ ሥራ የሚሆን ርካሽ ዴስክቶፕ ስትፈልጉ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ደጋግሞ ይገጥማችኋል። «ኮር አይ7፣ 8 ጂቢ ራም፣ 1 ቴራ፣ ዊንዶውስና ኦፊስ የተጫነለት፣ ከነሞኒተሩ።» ኬዙ አዲስ ነው። ፊቱ ላይ ባለቀለም መብራት ይንቦገቦጋል። ዋጋው ደግሞ ሌላው ሻጭ ለአይ3 ከሚጠራው ያነሰ ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ማስታወቂያው ሆን ብሎ የዘለለው ነገር አለ። ከአይ7 ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ቁጥር የለም።

ኮር አይ7 የፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል ስም ነው። አምራቹ ኢንቴል ስሙን ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በላይ ያስቆጠረውም አይ7 ነው፣ ብዙ ያልቆየውም አይ7 ነው። የሚለያቸው ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። አይ7-2600 ከሆነ ሁለተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ነው፤ የወጣው በ2011። አይ5-8500 ስምንተኛ ነው። አይ3-10100 አሥረኛ ነው፤ የወጣው በ2020። እንደ አይ7-870 ባለሦስት አሃዝ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጄኔሬሽን ነውና ወሬውን እዚያው አቁሙ።

ብዙ ሰው አላምን የሚለኝ ነገር አለ። ያ ሁሉም የሚንቀው አይ3-10100 ያንን አይ7-2600 ጥሎት ይሄዳል። ሁለቱም 4 ኮር (የፕሮሰሰሩ ሠሪ ክፍል) እና 8 ትሬድ (በአንዴ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) አላቸው። አዲሱ ግን ይፈጥናል፤ የተመደበለት ኃይልም 65 ዋት ነው፣ የአሮጌው 95። «አይ7 ከአይ3 ይሻላል» የሚባለው የሚሠራው ሁለቱ የአንድ ዘመን ሲሆኑ ብቻ ነው። ሻጩ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

በቅርቡ አንድ የማውቀው ሰው ለሂሳብ ሥራ የገዛውን እንዲህ ያለ ማሽን ከፍቼ አየሁት። የኬዙ መከላከያ ላስቲክ ገና አልተላጠም። የጎኑን ክዳን ሳነሳው ግን ሌላ ጉድ ነው። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ቦርድ) ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጄኔሬሽን የሚሆነው ኤች61 የሚባለው ነው። ብሎኖቹ ጭንቅላታቸው ተበልቷል፤ ስንቴ እንደተፈቱ ያስታውቃል። ሁለቱ ራሞች የድሮው ዓይነት፣ ዲዲአር3 ናቸው፤ አንዱ አረንጓዴ ሌላው ሰማያዊ፣ ከተለያየ ማሽን የተነቀሉ። የሃርድ ዲስኩ የምርት ቀን የሚጻፍበት ቦታ ላይ የሱቁ የዋስትና ስቲከር ተለጥፏል፤ ሌላ ቦታ ጠፍቶ! ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሳየው ዲስኩ ከ41,000 ሰዓት በላይ ሠርቷል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ሌት ተቀን ሳይጠፋ እንደማለት ነው። የደንበኞቹ ሂሳብ በሙሉ የተቀመጠው እዚህ ዲስክ ላይ ነበር።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር የለውም። እኔም የምመክረው ያገለገለ ነው፤ እመጣበታለሁ። የሚያናድደው አሮጌውን አዲስ ኬዝ አልብሶ «አዲስ ነው» ማለቱ ነው።

«ዎርድና ኤክሴል ከከፈተልኝ ዕድሜው ምን አገባኝ?» የሚል አይጠፋም። ይከፍትላችኋል፣ አልዋሽም። ችግሩ ዊንዶውስ ላይ ይመጣል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ከኢንቴል ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። ሻጮቹ ምርመራውን በዘዴ አልፈው ይጭኑታል። ሲበራ «ዊንዶውስ 11» ይላል፤ ገዢውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። የባንክ ሂሳብ የሚከፈትበት ኮምፒውተር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቁጥሩን ጠይቃችሁ ሻጩ በአፉ ቢነግራችሁ አትመኑ። ዊንዶውስ ውስጥ በሲስተም ገጹ ላይ የሚታየውን የፕሮሰሰር ስም መቀየር ይቻላል፤ ትንሽ ኮምፒውተር የነካካ ልጅ በደቂቃ ይሠራዋል። ስለዚህ ማሽኑን አስጠፉት። እንደገና ሲበራ ኤፍ2 ወይም ዲሊትን እየነካካችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር ገጽ) ውስጥ ግቡና የፕሮሰሰሩን ስም እዚያ አንብቡ። ቁልፉ እንደ ማሽኑ ይለያያል፣ ሻጩን ጠይቁት። ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም ከራሱ ከፕሮሰሰሩ ስለሚያነብ በዚህ ዘዴ አይታለልም። ሻጩ «ባዮሱ ፓስወርድ አለው፣ ግን አያስፈልግህም» ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

«1 ቴራ» (1,000 ጂቢ ገደማ) የሚለውም ማባበያ ነው። የቢሮ ሰነድ 256 ጂቢ እንኳ የሚሞላበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ያ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ጠዋት አብርታችሁ ቡና አፍልታችሁ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ገና እያሰበ ታገኙታላችሁ። አነስ ያለ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ይሻላችኋል። ለማጣራት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። የሚከፈተው ታስክ ማናጀር በፐርፎርማንስ ገጹ ላይ ዲስኩ ኤችዲዲ (ሃርድ ዲስክ) ይሁን ኤስኤስዲ ይነግራችኋል። ራሙ ስንት ቦታ ይዞ ስንት ክፍት እንደቀረም እዚያው አለ።

የተጫነው ዊንዶውስና ኦፊስ ብዙ ጊዜ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው። ሻጩ «አንቲቫይረሱን አታብሩት፣ ኦፊሱ ይጠፋባችኋል» ካለ ነገሩ አልቋል። ደመወዝና ደረሰኝ የሚሠራበት ማሽን በሩ ተከፍቶ ይደር ማለቱ ነው። ለኦፊስ መክፈል ካልቻላችሁ ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ፤ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። አንዳንድ ሰነድ ላይ አሰላለፉ ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል፣ ለደብዳቤና ለተራ ሠንጠረዥ ግን ይበቃል።

ሌላም አለ፣ በአጭሩ። በጣም ርካሽ የሆኑት አዳዲስ ትንንሽ ሳጥኖች። ሴለሮን ኤን4020፣ 4 ጂቢ ራም፣ 64 ጂቢ ኢኤምኤምሲ (ርካሽ የማከማቻ ዓይነት) የሚል ካያችሁ፣ ይህ ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚጠየቀው የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው። ይነሳል እንጂ አያሠራም። ብዙዎቹ ላይ ራሙና ማከማቻው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ቆይቶ ማሳደግም የለም።

ምን እንግዛ ካላችሁ፣ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመው የሚያወጧቸውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ፕሮዴስክ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ፈልጉ። መልካቸው አያምርም። ጥቁር ሳጥን ናቸው፣ መብራትም የላቸውም። ግን ለሥራ የተሠሩ ናቸው። ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ አይ3 ወይም አይ5፣ 8 ጂቢ ራም ከነትርፍ ቦታው፣ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ። አይ5-8500 ካገኛችሁ 6 ኮር አለው፣ ለቢሮ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ጉድለታቸው ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላያቸው የራሳቸው ብቻ መሆኑ ነው። ከተቃጠለ ከየትም ያገኛችሁትን አትገጥሙበትም። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አብርታችሁ፣ ድምፁን እየሰማችሁ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እየሞከራችሁ ቆዩ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ቆዩ።

ደረሰኙ ላይ «አይ7 ኮምፒውተር» ብሎ ከጻፈ መልሱለት። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፣ የራሙ ዓይነት፣ የዲስኩ ዓይነት፣ «አዲስ» ወይም «ያገለገለ» የሚለው፣ ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍበት። አልጽፍም ካለ ገንዘባችሁ ገና ኪሳችሁ ውስጥ ነው።